ውሃ ባንዲራው ካለበት ይደፋ

ለክቡር የጎልፍ ክለቡ ሙዲር (ሥራ አስኪያጅ)
ገዳሪፍ

ክቡርነትዎ ከነመላ ቤተሰብዎ፣ ከነሣርዎም ጭምር፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ይህ ድርቅና አቧራ ጤናዎን እንዳላጓደለው ተስፋዬ ነው። የእኛን ከጠየቁ፣ ጎረቤቴ ወርቅውሃ ተቅማጥና ትውከት ይዟት ከአልጋ ከዋለች ሰነበተች። ባሏ ገሠሠ ለሰሊጥ ሥራ ፋሽጋ እንደወረደ ነው፤ ልጇ ኮከብ የናቷን ግንባር ልታብስ እንኳ ጨርቁን የምታርስበት የላትም። ነርሷ የጨውና የስኳር ዱቄት በወረቀት ጠቅልላ ሰጥታን፣ በውሃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ አጠጧት ብላናለች። ዱቄቱስ አለ፣ ክቡር ሙዲር። የጎደለው ሌላው ነው።

ይህን ለወሬ ያህል አነሣሁት እንጂ ደብዳቤዬስ የምስጋና ነው።

አንደኛ፦ ዓመቱን ሙሉ ጠብታ ሳይወርድ፣ ዱራው፣ ማሽላችን፣ ከነአገዳው ቆሞ ሲደርቅ፣ የእርስዎ ሜዳ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠማው በመዋሉ ደስታችን ወሰን የለውም። ሜዳዎን የሚያጠጣው የውሃ ቦቴ በየቀኑ በደጃችን ሲያልፍ ከኋላው የሚንጠባጠበውን ልጆቻችን በጣሳ እየተሻሙ ይቀበሉታልና፣ ቱቦውን ሳያስጠግኑ ስለተዉልን አላህ ይስጥልን።

ሁለተኛ፦ ሰሞኑን ከድንበር ማዶ በእግራቸው የገቡት ሰዎች፣ በሜዳዎ ላይ የተተከሉትን ቀያይ ባንዲራዎች አይተው ጀሪካናቸውን ይዘው ተሰለፉ። አይፍረዱባቸው፤ በመጡበት መንገድ ሁሉ ባንዲራ የሚተከለው እህል ወይም ውሃ በሚታደልበት ነበርና፣ ለኳስ መግቢያም ይተከላል ብሎ የነገራቸው የለም። አንድ ሽማግሌማ ከባንዲራው ሥር ያለችውን የኳስ ጉድጓድ ጎንበስ ብለው አይተው፣ ምንጯ ደርቃለች፣ ብንጠብቃት ግን ትመለስ ይሆናል አሉ አሉ። ጋረደው የተባለው ዘበኛዎ አንዲት ክፉ ቃል ሳይናገር በዱላ ብቻ ስላሰናበታቸው ስለጨዋነቱ ምስጋናችን ይድረሰው።

ሦስተኛ፦ ቦቴው እግረ መንገዱን አንድ በርሜል ቢሞላልን ብለን፣ እኔና ጎረቤታችን ዘኪያ ቢሮዎ ድረስ መጥተን ነበር። ሻይ ስላስቀዱልን እናመሰግናለን፤ ዘኪያ ብርጭቆዋን ሳትጠጣው ለወርቅውሃ ይዛ ልትወጣ ስትል አሳላፊዎ በር ላይ ተቀበላት እንጂ። እርስዎም ፈገግ ብለው፣ ሹፌሩ ደንብ አለው፣ ውሃ የሚደፋው ባንዲራ ካለበት ብቻ ነው ብለው አስረዱን። ኧረ ደንብ የሚያውቅ ሰው እንዴት ደስ ይላል! ያን ቃልዎን እንደ ዱዓ እየደጋገምሁ ነው ቤቴ የገባሁ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ወርቅውሃ እየቃተተች ነውና ይቅር።

እንግዲህ ልመናዬ አንዲት ናት፤ ከሣሩ በፊት ሰው ይጠጣ። ሣር ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ይበቅላል።

ሜዳዎ ይለምልም፣ ኳስዎ ጉድጓዱን አይሳት፣ ጉሮሮዎም እንደኛ ሳይደርቅ ብዙ ዘመን ያዝዙን ዘንድ እየተመኘሁ፣ ከአጥርዎ ማዶ ሆኜ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ዘሐራ
(ሁሉም እንዲያነበው በከማሉ ሱቅ በር ላይ ይለጠፋል።)

ሳልረሳው፦ ደብዳቤውን ጽፌ ሳልለጥፈው ሃቡብ ተነሥቶ ሰማዩን በአቧራ ደፈነው፤ ባንዲራዎችዎን ነቃቅሎ አንዱን አጥራችን ላይ ጣለልን። የሰው ንብረት ነውና እንዳይጠፋ ብዬ ወርቅውሃ ደጅ ተከልሁት። የተከልሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይጠየቅ። ሹፌርዎ አሊ ሜዳው ላይ ባንዲራ ቢያጣ መኪናውን አዙሮ ወደ እኛ መጣ፤ ባንዲራውን አየ፣ እኛን አየ፣ ደንብ ደንብ ነው አለና ቱቦውን ፈታ። በርሜሉም ማሰሮውም ሞላ። ወርቅውሃ ዱቄቱ ተበጥብጦላት ጨለጠችውና ጨምሩልኝ አለች። አሊ ሲሄድ፣ ነገስ ባንዲራው የት ይሆን ብሎ ጠየቀን። ነፋሱ ያውቃል አልነው።