የለመለመው ድንጋይ

ወንድሜ ደጀኔ፣

ካርድ ክፍት ነው፤ ፖስተኛው ማንበቡ አይቀርም። ስለዚህ የወንዙን ስም ትቼዋለሁ፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው።

ከመሻገሪያው በላይ ውሃው እየተጣደፈ ይወርዳል፤ ድንጋዩም ንጹሕ ነው። ከመሻገሪያው በታች ግን ውሃው ተኝቷል። ድንጋዩ ሁሉ እንደ ጠጉር የሚመዘዝ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ለብሷል፤ ላሞች አሽትተው ይመለሳሉ። የመስኖ ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት፣ አቶ ስመኘው፣ «እንቁ ናት በሳሙናዋ ያበላሸችው፤ ከወንዙ እናግዳታለን» አሉኝ። ወይዘሮ እንቁ እዚያው ልብስ ያጥቡ ነበር። «እናቴም እዚሁ ስታጥብ ኖራለች፤ ያኔ ውሃው ይሄድ ነበር» ብለው እጥበታቸውን ቀጠሉ።

እኔ ደግሞ ነገሩ አልተዋጠልኝም። ዞር ዞር ስል፣ መሻገሪያው አጠገብ ጭቃው ያልደረቀ ግድብ አየሁ፤ ውሃውን ወደ አንድ የድንች ማሳ ያዞረዋል።

«ማሳው የማን ነው?» አልኳቸው አቶ ስመኘውን።

«ለመሆኑ እህል ቀምሰዋል?» አሉኝ።

የሰፈራችን ወንዝ ትዝ አለኝ። ድልድዩ ሥር አረንጓዴ ሲሆን፣ «አጣቢዎቹ ናቸው» ብለህ ሰፈሩን ያሳመንከው አንተ ነበርክ። እኔም አምኜህ ነበር።

ካርዱ ሞላ። ማርያማዊትንና ልጆቹን ሳምልኝ፤ ናፍቃችሁኛል። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፤ ከድልድዩ በላይ ያለው ችግኝ ጣቢያህ፣ በዚህ በጋ እንዲያ የለመለመው በምን ውሃ ነው?

ወንድምህ ምስክር