ሥጋ ብቻ በልታ እግሯ ስለተሰበረ ቡችላ

ለተከበሩ ሚስተር ዴዝመንድ ትራንተር
የባራንዳ የእረኛ ውሾች አርቢዎች ማኅበር ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ድርቁና ዝንቡ እንዳላስመረረዎ፣ እንቅልፍዎም እንደ ወትሮው ሰላማዊ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

ማኅበርዎ ክሎቨር የተባለችውን የስምንት ሳምንት የኬልፒ ዝርያ የበግ እረኛ ቡችላ ሲሰጠኝ፣ እርስዎ የፈረሙበትን የአመጋገብ መመሪያም አስረክቦኛል። መመሪያው ቡችላዋ ከካንጋሮ ቀይ ሥጋ በቀር ምንም እንዳትቀምስ ያዝዛል። እኔም የተጻፈ ትእዛዝ ማጓደል ያልተማርኩ ሰው ነኝና፣ ሁለት ወር ሙሉ ሥጋውን በሚዛን እየለካሁ አበላኋት። ባለፈው ማክሰኞ ከጉልበቴ ከማይበልጥ ወንበር ላይ ስትወርድ የፊት እግሯ ተሰበረ።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሎረን ፔትሪ የራጁን ፎቶ ወደ መስኮቱ አንስታ፣ «እስቲ ሚስ ጋራዌይ፣ አጥንቱን ከሥጋው ለይተው ያሳዩኝ» አለችኝ። መለየት አልቻልኩም። ቀይ ሥጋ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የቡችላዋ ሰውነት ያጣውን ከገዛ አጥንቷ እየቦረቦረ ሲያወጣ ከርሟል። ያበላኋት እኔ ነኝ፤ ያንን ለማንም አላሳብብም። መመሪያውን የጻፉት ግን እርስዎ ነዎትና ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ስልክ ስደውልልዎ፣ «አይ የኔ እመቤት! ዲንጎ ሐኪም አማክሮ ነው እንዴ የሚበላው?» ብለው ስለሳቁልኝ አመሰግናለሁ። ዲንጎ የተባለው የዱር ውሻችን ካንጋሮ ሲጥል ጉበቱንም፣ ሆድ ዕቃውንም፣ አጥንቱንም ይበላል። እግሩ የጸናው፣ ቀይ ሥጋውን ብቻ መርጦ የሚያቀርብለት ማኅበር ስለሌለው ይመስለኛል።

፪. ከማኅበራችሁ አዳራሽ ማቀዝቀዣ የሚታደለው ሥጋ ሳምንታት ቆይቶም እንደ ትኩስ ደም ይቀላል። ቀለሙን የሚጠብቅለት ድኝ ያለበት ማቆያ ኬሚካል፣ ለውሻ ነርቭ የሚያስፈልገውን ቫይታሚን እንደሚያጠፋ ከሐኪሟ ተረድቻለሁ። የማቀዝቀዣውን ክዳን ስከፍት የተቀበለኝን ሽታ መግለጽ ግን ይህ ደብዳቤ የሚታተምበትን ጋዜጣ ማቆሸሽ ይሆናል።

፫. ጸሐፊዎ ሚስስ ኦልድፊልድ፣ «አንድ እፍኝ የአጥንት ዱቄት ምግቧ ላይ ነስንሺላትማ፣ በሳምንቱ ትፈነጫለች!» ብለው ስለመከሩኝ ባለውለታቸው ነኝ። ካልሲየም ሲበዛም የቡችላን አጥንት ያበላሻል። ዶክተር ሎረን ያዘዘችው፣ ማሸጊያው ላይ «ለሚያድግ ቡችላ የተሟላ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ምግብ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በልክ፣ ሌላ ነገር ሳይጨመርበት እንዲሰጣት ነው። ይህ በሁለት መስመር አለቀ፤ የእርስዎ ስሕተት አንድ ገጽ ሞልቷል።

፬. ይህን ስጽፍ እጄ ይጸየፋል። ስብራቱን ስነግርዎ፣ «ስትወለድም ደካማ ነበረች፤ አስወግጃትና ሌላ እንስጥሽ» አሉኝ። ስለ ተቀደደ ካልሲ የሚናገሩ መስሎኝ ነበር። ክሎቨር ዛሬ እንዳትንቀሳቀስ በጠባብ ሳጥን ውስጥ ተኝታለች፤ ሲነኳት ትጮኻለች፣ የጮኸችበትን እጅ ደግሞ ትልሳለች። ሐኪሟ አጥንቷ ይጠነክራል ብላኛለች፤ በግ ተከትላ ትሮጣለች ግን አላለችኝም።

እንግዲህ ከዚህ የከፋው ገና ሊመጣ ነው። የክሎቨር ስድስት ወንድሞችና እህቶች ያንኑ ወረቀት ይዘው ወደ ስድስት ቤት ሄደዋል። አድራሻቸውን እንዲሰጡኝ ስለምንዎ «የማኅበሩ ምስጢር ነው» ብለው ስልኩን ዘጉብኝ። በመጪው ቅዳሜም ለአዳዲስ ቡችሎች ባለቤቶች ወረቀቱን ሊያድሉ ነው። ከዚያ በፊት አንዱን ቅጂ ብቻ ለማፈሪያ አስቀርተው ሌላውን እንዲያቃጥሉት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ለሥልጣንዎ የሚገባውን፣ ለእውቀትዎ ግን የማይገባውን አክብሮት በማቅረብ እጅ እነሳለሁ፤

ሚስ ዊኒፍሬድ ጋራዌይ
የባራንዳ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቀድሞ ርእሰ መምህርት

ከፊርማ በኋላ፦ ደብዳቤውን ለጋዜጣ የላክሁት እርስዎ ያነቡታል ብዬ አይደለም። የስድስቱ ቡችሎች ባለቤቶች ሆይ፣ ቡችላችሁ ካነከሰ ወይም ሲነካ ከጮኸ፣ ሚስተር ትራንተርን ሳታስፈቅዱ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ አድርሱት። ክቡርነትዎ ግን አይስጉ፤ በማኅበሩ ዓመታዊ እራት ላይ ከሥጋው በተጨማሪ ድንችዎን፣ ዱባዎንና የጎረቤትዎን አይብ ጭምር ሲጨርሱ አይቻለሁ። ለራስዎ የጻፉት መመሪያ እንከን የለውም።