የባለቤትዎ መስኮትና የእድራችን ድንኳን

ለክቡር አቶ ዓምደሚካኤል፣ የወረዳችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ፤
በባለቤትዎ በክብርት ወይዘሮ ፀደንያ በኩል

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ እርስዎም ትዳርዎም እንደምን ሰነበታችሁ? የትዳርዎ ጤና ከእኛ ኑሮ ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ ዘንድሮ ተምረናልና፣ ሁለቱንም ሳልጠይቅ ብቀር ነውር ይሆንብኛል።

እኔ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ልብስ የምሰፋ፣ የእድራችንንም ዕቃ ቤት ቁልፍ ለሃያ ሁለት ዓመት የያዝኩ ሰው ነኝ። ዕቃ ቤቱ በመጪው ሐሙስ እንዲፈርስ ስለወሰኑልን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ የእድራችን አባል ነዎትና፣ አምና የባለቤትዎ አባት ሲያርፉ ከዚሁ ዕቃ ቤት በወጣው የእድሩ ድንኳን ሥር ሦስት ቀን አብረን ተቀመጥን። ባለቤትዎ ልባቸው ተነክቶ፣ ዕቃ ቤቱ አዲስ ቆርቆሮ እንዲለብስ በጆሮዎ ነገሩዎት፤ እርስዎም እዚያው ለቀስተኛ ፊት ቃል ገቡ። ስድስት ዓመት በማመልከቻ ያጣነውን በአንድ ሹክሹክታ ስላገኘን ያን ጊዜ አሠራሩን አልተቃወምንም፤ ይህን ጥፋታችንን አምናለሁ።

፪ኛ፦ ዘንድሮ ከዕቃ ቤቱ ፊት ለፊት ወዳለው ፎቅ ገቡ። ባለቤትዎ ጠዋት መስኮት ሲከፍቱ ከደጃፉ የተደገፈውን ምሰሶና ቃሬዛ እያዩ ሐዘናቸው ስለሚቀሰቀስባቸው፣ ዕቃ ቤቱ «ለአካባቢው ገጽታ ሲባል» እንዲነሣ ደብዳቤ ደረሰን። ሴት የላከው ጅብ አይፈራም ይባላል፤ እርስዎ እድርን እንኳ አለመፍራትዎ ያስመሰግንዎታል።

፫ኛ፦ ግንቦት ላይ ተኳርፋችሁ ባለቤትዎ አምስት ኪሎ እህታቸው ዘንድ ሲሄዱ፣ ደብዳቤው በማግስቱ ታገደ። እኛ ግን የጎረቤት ትዳር ሲፈርስ ዝም ብሎ ማየት አልፈጠረብንምና ሽማግሌ ሆነን ተነሣን። ቡና ቤት ያለው ጎረቤታችን ዑዘይር በመኪናው እያመላለሰን፣ ሁለት ጊዜ ደጅ ጠንተን አስታረቅናችሁ። በሦስተኛው ቀን እገዳው ተነሣ። ዑዘይር «ጋሼ፣ በገዛ ሽምግልናችን ቤታችንን አፈረስን» ብሎ ሲስቅ እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ። በባለቤትዎ አይደለም፤ ማንም ሰው ከመስኮቱ ደስ የሚል ነገር ማየት ይወዳል፣ ማኅተሙ ግን ያለው በእርስዎ እጅ ነው። ከእድሩ መሥራቾች በሕይወት የቀሩት ወይዘሮ አልጋነሽ ብቻ ናቸው፤ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ከእኛ በቀር የሚቀብራቸው ዘመድ የላቸውም። በየጠዋቱ በሱቄ በኩል ሲያልፉ «ገብሬ፣ የኔን ድንኳን ከየት ታወጣዋለህ?» ይሉኛል።

ስለሆነም ውሳኔው እንዲታጠፍልን፣ ይህ የማይቻል ከሆነም ባለቤትዎ ባለጉዳይ የሚያነጋግሩበት ቀንና ሰዓት በወረዳው በር ላይ እንዲለጠፍልን በትሕትና እለምናለሁ።

ትዳርዎ ይጽና፣ ውሳኔዎ ግን እንደ ግንቦቱ ኩርፊያ ዕድሜው ይጠር እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ታዛዥዎና አስታራቂዎ
ገብረዮሐንስ፣ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ በደንባችን መሠረት እድሩ ዕቃ ቤት ሲያጣ ንብረቱ በአባላት ቤት በተራ ይቀመጣል። እሑድ ዕጣ አውጥተን የመጀመሪያው ተራ ለእርስዎ ደርሷል። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ድንኳኑን፣ ምሰሶዎቹንና ቃሬዛውን ይዘን ስለምንመጣ ሳሎንዎን ቦታ እንዲያስለቅቁልን። ባለቤትዎም ከእንግዲህ እነሱን ለማየት መስኮት መክፈት አያስፈልጋቸውም።