በዲማ መንገድ አልቅት ያነቀው ሰው

ወንድሜ የኔዓለም፣ እንደምን ከረምክ? እኔ ዲማ በደህና ገብቻለሁ።

ዛሬ ወንዝ ዳር አንድ የማላውቀው ገበሬ ደም እየተፋ ሲታፈን አገኘሁ። ሚስቱ፣ «ውሃ ሲጠጣ አልቅት ጉሮሮውን ያዘው፤ ስለ እመቤቴ ድረስለት!» ብላ ጮኸች። አፉን ፈልቅቄ ጣቴን ብከትም አልቅቱ እየተሙለጨለጨ አመለጠኝ። የሰውየው ዓይን ተገለበጠ። በዚህ መሃል አንድ የጣሊያን ባንዳ ጠመንጃውን ደግኖ፣ «የቆሰለ ሽፍታ ነው የምትደብቁት?» አለን።

«አልቅት ነው! ትምባሆ ካለህ ስጠን» አልኩት።

ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ሲጋራውን ፈርፍሮ በውሃ በጠበጠና ራሱ አጠጣው። ሰውየው ሲያስመልሰው አልቅቱ ላላ፤ በኩታዬ ጫፍ ይዤ መዘዝኩት። ትንፋሹ ሲመለስ ሚስቱ የሁለታችንንም እግር ልትስም ተደፋች። ባንዳው እግሩን ሰብስቦ፣ «እንደረዳኋችሁ ለማንም አትንገሩ» ብሎን ሄደ።

ካንተ ግን መደበቅ አልቻልኩም፤ ስለዚህ ጣሊያኖች እንዳያነቡት ይህን ካርድ በፖስታ ቤት ሳይሆን በነጋዴ እጅ ልኬዋለሁ። እናንተስ የቧንቧ ውሃ አላችሁ፤ እኔ እዚህ ሳላጠል አልጠጣም። ቦታው አለቀብኝ። ሥራነሽንና ልጆቹን ሳምልኝ፤ ካርዱን አንብበህ አቃጥለው።

እንዳላማው