የኪዳነምሕረት ማኅበርና ሰላዮቼ

መስከረም 9 ቀን 1991 ዓ.ም.

ሦስተኛው መጽሐፌ ከጎንደር በአውቶቡስ ደረሰ። ዳባት ላይ ዝናብ አግኝቶት የላይኛዎቹ ቅጂዎች ጠርዛቸው አብጧል። ምንም አይደል... የስለላ ልብ ወለድ ትንሽ ቢጨማደድ ያምርበታል። የሺወርቅ ሽፋኑን አይታ ሳቀች። «ሰላይ ሁሉ ለምን ጥቁር መነጽር ያደርጋል? ደባርቅ ውስጥ እኮ ወዲያው ይታወቃል» አለች። ሚስቴ ሆና አንዱንም መጽሐፌን አልጨረሰችም።

መስከረም 16

ማኅበር አባባ ገሠሠ ቤት ነበር። ደመራ ስለሆነ በጊዜ ተበተንን። መጽሐፉን ያላነበበ የለም፤ ማንበብ ለማይችለውም ተነብቦለታል። ሰላዮቹ በአንዲት ደጋ ከተማ የጽዋ ማኅበርተኛ መስለው ይሰበሰባሉ። አለቃቸው የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ነው፤ ዳቦውን በግራ እጁ ይቆርሳል። የእኛም ሙሴ አባባ ገሠሠ ግራኝ ናቸው። ምን ላድርግ... ሌላ ማኅበር አላውቅም፣ ያየሁትን ጻፍኩ።

«እኔን በስተርጅና ሰላይ ታደርገኝ?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ እንደ ልማዳችን ስለ ዘመቻው ተወራ። ልጃቸው ግንባር ነው፤ ከሰኔ ወዲህ ድምፁ የለም። «የሰው ልጅ ወስደው ወሬውን እንኳ ይነፍጉናል» አሉ። ሌላ ቦታ እንዲህ አይናገሩም።

መስከረም 24

አለምነህ ሻይ ቤት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የጸጥታው ሰው።

«መምህር፣ መጽሐፍህን ሁለቴ አነበብኩት።»

አመሰገንኩ። ሞኝ።

«ይኼን ዘዴ ከየት አገኘኸው?»

«ልብ ወለድ ነው።»

«እሱማ ነው። ግን ከየት አገኘኸው?»

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ምን ብዬ መመለስ ነበረብኝ?

መስከረም 29

አባባ ገሠሠን ወሰዷቸው። ዛሬ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ።

ፈራሁ። ለሳቸው ነው ለራሴ? ውሻ በጮኸ ቁጥር እኔን ሊወስዱ የመጡ ይመስለኛል። «ሂድና ግራኙን የፈጠርኩት እኔ ነኝ በላቸው» አለች የሺወርቅ። ነገ እሄዳለሁ...

ጥቅምት 1

ሄድኩ። አለምነህ ወንበር ሰጠኝ። ማኅበሩ ማኅበር ብቻ ነው፣ ስለላውን ከጭንቅላቴ ነው ያመጣሁት አልኩት።

«እሺ። ሰላይ ካልሆኑ ታዲያ ተሰብስበው ምን ያወራሉ?»

«ስለ ዝናብ... ስለ እህል።»

«ስለ ዘመቻውስ?»

ዝም አልኩ። መጽሐፌን ከመሳቢያው አወጣ። «አንተው ነህ የጻፍከው። ዝም ያለውን ነው መጠርጠር።»

የምኮራባት ዓረፍተ ነገር ነበረች።

ጥቅምት 4

ተፈቱ። ልጠይቃቸው ሄድኩ። «ምንም አልሆንኩ፣ ልጄ» አሉኝ በር ላይ ቆመው። ግባ አላሉኝም።

ጥቅምት 16

ተራው የእኔ ነበር። ጸሎቱ እንዳለቀ በር ተንኳኳ። አለምነህ፣ ነጠላውን አጣፍቶ።

«በእመቤታችን ስም ጽዋ ልጠጣ መጣሁ። ከእንግዲህም ማኅበርተኛ አድርጉኝ።»

አባባ ገሠሠ ብድግ ብለው ቦታ ለቀቁለት። «በስሟ የመጣ አይመለስም» አሉ። ሌላ ምን ይበሉ? ደንቡ ነው። አለምነህ ደግሞ የሚቀጥለውን ወር ጽዋ እኔ ልረከብ አለ። ይኼም ደንብ ነው። ጽዋውን አሸክመን፣ እየዘመርን እስከ ቤቱ አጀብነው። እልል የሚሉት ሴቶች ፊታቸው አመድ መስሏል።

ከየት ተማረው? ከእኔ ነው። እንዴት እንደሚገባ ምዕራፍ በምዕራፍ ጽፌለታለሁ።

ኅዳር 16

አለምነህ ቤት። ማንም አልቀረም፤ የቀረ ይታወቃል። ጾም ስለገባ ሽሮ ቀረበ፣ ጠላውም ጥሩ ነበር። ስለ ውርጭ አወራን፣ ስለ ገብሱ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ፣ ፍርሃት ያስቃል።

«አባባ፣ ከልጅዎ ወሬ አለ?» አለ አለምነህ ዳቦ እያቀረበላቸው።

«ደህና ነው። ሁሉም ደህና ነው» አሉ። እጃቸው ላይ ያለውን ጽዋ ሳይጠጡ አስቀመጡት።

ስንመለስ መንገድ ላይ ሁለታችን ብቻ ቀረን። አላስቻለኝም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እውነቱን ይንገሩኝ፣ ከልጅዎ ምንም አልሰሙም?» አልኳቸው።

ቆሙ። ወደ ኋላ ዞር ብለው አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ለምን ፈለግኸው?» አሉኝ።