ከትምህርት ቤቱ የቀደመ አስተማሪ

ሰኞ

ውሸታም አላለችኝም። ፈገግ ነው ያለችብኝ፤ እሱ ይብሳል።

ማዳም ንጄሪን ማለቴ ነው፣ የልጄ የሜሮን ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህርት። ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ የምስረታ በዓል ነው፤ ታሪኩን የምትጽፈው እሷ ናት። የድሮ ፎቶ ያለው ወላጅ ያምጣ ብላ በዋትሳፕ ግሩፑ ለመነች። አመጣሁላት። አባዬ በመጀመሪያው የቆርቆሮ ክፍል በር ላይ፣ ያን ትልቁን የእንጨት ኮምፓስ ይዞ፣ ከተማሪዎቹ ጋር። ሰፈራችን ካሳራኒ ገና የከተማ ዳር እያለች፣ ስደተኛ ሆኖ ኬንያ መጥቶ እዚያ ሒሳብ ያስተማረው አባዬ።

ፎቶውን ገልብጣ ከጀርባው የተጻፈውን ዓመት አየች። ያኔ እዚህ ቦታ የቡና ተክል እንጂ ትምህርት ቤት አልነበረም አለችኝ፤ የተከፈተው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። አጠገቧ የነበሩት አስተማሪዎች ሳቁ። ጽሑፉ የአባዬ የራሱ ነው፣ ምን ልበል?

ቤት ስገባ አባዬ "ተቀበሉት?" አለኝ። እያዩት ነው አልኩት።

ማክሰኞ

ማዳም ንጄሪ የታሪኩን ረቂቅ ግሩፑ ላይ ለቀቀችው። የውሃ ታንከር የሰጠው ነጋዴ አለ። አጥሩን የቀባው አለ። ሪባን የቆረጡት ባለሥልጣን አሉ፣ ሚስታቸው ሳይቀሩ። አባዬ የለም። ሒሳቡን ማን አስተማራቸው ታዲያ፣ መንፈስ?

ስለ እሱ ሊሆን የሚችል አንድ መስመር ብቻ አገኘሁ፦ "ወንበር በመሥራት የረዳ አንድ የውጭ አገር ሰው።" ወንበርማ ሠርቷል! መቀመጫ ስላልነበረ ከትምህርት በኋላ መዶሻ ይዞ ያመሽ ነበር። ደሜ ፈላ።

ሜሮን ደግሞ እላዩ ላይ ጨመረችልኝ። "ማሚ፣ ፕሊስ፣ ሊቭ ኢት፣ ተይው። ክላስ ውስጥ እየሳቁብኝ ነው።" በገዛ አያቷ ታፍራለች። ጮህኩባት። ከዚያ ደግሞ በመጮኼ ተናደድኩ።

አባዬ ሱፉን ከሻንጣ አውጥቶ በረንዳው ላይ ሰቅሎታል። ቅዳሜ ስሙ ሲጠራ ሊሰማ።

ረቡዕ

ኢስትሊ ገበያ ያለው ሱቄ ዋልኩ ማለት አይቻልም፣ ስነጫነጭ ዋልኩ። አንዲት ደንበኛ መጋረጃ አማርጣ አማርጣ ሳትገዛ ስትወጣ የማይባል ነገር አልኳት። ደጓን ሴትዮ።

ቤት እንደገባሁ አባዬን እንዲሁ እንደ ዋዛ፣ "ያ ፎቶ ላይ ዓመቱን ስትጽፍ በኛ ነው በነሱ?" አልኩት።

"በኛ ነዋ። እኔ በነሱ መቼ ቆጥሬ አውቃለሁ?"

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። እኔ ለሱቁም ለወረቀቱም በነሱ መቁጠር ስለለመድኩ ጭራሽ አልመጣልኝም። ሰባቱ ዓመት የኛው ነው! ይህን ሁሉ ዘመን ኬንያ ኖሮ፣ የልደቱንም የፎቶውንም ዓመት እንደ አገሩ ሲቆጥር! ብስቅ ነው ባለቅስ?

ሐሙስ

የቤተ ክርስቲያናችንን ካሌንደር ከግድግዳ አንስቼ፣ ጠቅልዬ ማዳም ንጄሪ ዘንድ ሄድኩ። የኛም የነሱም ቀን ጎን ለጎን አለበት። ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁላት። በእንግሊዝኛ ጀመርኩ፣ ሲጠፋብኝ ወደ ስዋሂሊ ገባሁ። አገራችን ሌላ አቆጣጠር አላት፣ ሰባት ዓመት ጨምሪበት አልኳት።

ካሌንደሩን በጣቷ ጫፍ ገፋችው። ሰኞ አንድ ዓመት፣ ሐሙስ ሌላ ዓመት ሆነ? አለችኝ። እሺ፣ ስሙን አስገባለሁ አለች በመጨረሻ፤ ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠለች።

"ግን ፎቶው ላይ ያለውን ዓመት እንዳለ ነው የምጽፈው። ማስረጃ አላርምም።"

ታሪክ ጸሐፊ ሆና ሞታለች!

ዓርብ

ርእሰ መምህሩ የሉም ተባልኩ። እሷ ስልክ አታነሳም። ሱፉን ተኮስኩ።

ቅዳሜ

አባዬን ደግፌ ማታቱ ታክሲ ላይ አሳፈርኩት። አዳራሹ ውስጥ ከፊት ረድፍ ተቀመጥን። ማዳም ንጄሪ አንድም ጊዜ ወደኛ ሳታይ ማንበብ ጀመረች። ጆሮው ስለደከመ ሜሮን አጠገቡ ሆና ትነግረዋለች።

ከሁሉ አስቀድማ እሱን ጠራች፣ በስዋሂሊ መምህር ብላ! "ምዋሊሙ ተስፋዬ፣ የመጀመሪያው የሒሳብ መምህር። ከቤተሰባቸው በተገኘው ፎቶ መሠረት፣ ትምህርት ቤቱ ከመከፈቱ ከሰባት ዓመት በፊት ማስተማር የጀመሩ።"

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አውቃ ነው፣ ልታዋርደን ነው! ብድግ አልኩ። ምን ልል እንደነበር እንጃ፤ አባዬ ቀሚሴን ይዞ አስቀመጠኝ።

"ምን አሉ?" አላት ሜሮንን።

ሜሮን ዓይኗ እንባ አቅርሮ በጆሮው ነገረችው። ከዚያ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

"ከዚች ሴትዮም በፊት? ከሕንፃውም በፊት?"

"የስ ባባ። ከሁሉም ፈርስት ነህ።"

ተነሳና ለሕዝቡ እጁን አነሳ። ሜሮን ብቻዋን አጨበጨበች፣ በዚያ ሁሉ የክፍል ጓደኛዋ ፊት። ከኋላ አንድ ሽበታም ሰውዬ ተቀበላት፣ ከዚያ ሌሎችም። ማዳም ንጄሪ ማንበቧን አቁማ ጠበቀች፤ ምን አማራጭ ነበራት?

ሰኞ ሄጄ አሳርመዋለሁ ብዬ ነበር። እንዳትነኪብኝ አለኝ አባዬ፣ የታተመውን ታሪክ ኪሱ ውስጥ ከትቶ። እኔ ግን ሴትዮዋን ይቅር አላልኳትም። ልሂድ፣ ልተወው፣ አላወቅኩም።

ሱፉን እስካሁን አላወለቀም።