የወንፈል ቀንና የኮከብ አቧራ

ኅዳር 6፣ ጠዋት

መብራት መጣ፣ ተመስገን! ላፕቶፔን ሰካሁ። የመመረቂያ ጥናቴን ስሌት ዛሬ ለአማካሪዬ ካልላክሁ ምረቃዬ ለከርሞ ነው። የማጠናት ኮከብ ገና ልጅ ናት፤ ረግታ መንደድ ልትጀምር ትንሽ ቀርቷታል። ዙሪያዋን አቧራ ከቧታል። አቧራው አይታይም፤ ሙቀቱ ግን ያሳብቅበታል። ኮከቧ ብቻዋን ከምትሰጠው ሙቀት በላይ የሚለካው የሱ ነው።

ግን ዛሬ ወንፈል ነው። ጎረቤታችን እትየ ጥሩወርቅ ባለፈው ሳምንት ወገባቸው እስኪቆረጥ የኛን ሩዝ ሲያጭዱ ሰነበቱ። ዛሬ ተራው የሳቸው ነው። ብቻቸውን ናቸው። እናቴ ባሕር ዳር በሽተኛ ልትጠይቅ ሄዳለች፤ ያለሁት እኔ። ምን ልበል፣ ማስታወሻዬ?

ማታ

ወገቤን አመመኝ አልኋቸው። ዋሸሁ። ማጭዳቸውን እንደያዙ «እኔን! እኔን!» እያሉ ሄዱ። ስሌቱ ሠመረ፤ አቧራው ወለል ብሎ ወጣ። ላክሁት።

ኅዳር 7

ጉድ ፈላ። እትየ ጥሩወርቅ በማለዳ ከች አሉ። አጨዳቸውን በጅምር ትተው ወንዛዬ ፍል ውሃ ሊወስዱኝ! ተሽሎኛል ብል በጄ አላሉም። አጎንብሼ ተከተልኋቸው። ውሃው ውስጥ ወገቤን እያሹ፣ ለመሆኑ ምንድን ነው የምትማሪው አሉኝ። የኮከብ አቧራ ብላቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አቧራ ለማየት ከሆነ የወረታ መናኸሪያ ምን አነሰሽ? አሉ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስሁ። ሕመሙ መስሏቸው ጠንከር አድርገው አሹኝ።

ኅዳር 8

ከብት ገባበት! ቀበሌያችን ቁሐር ሁሉ አጭዶ ከብቱን ማሳ ላይ ለቋል። ያልታጨደው የሳቸው ብቻ ነበር፤ ትናንት ደግሞ ጠባቂ አልነበረውም። ተበልቷል፣ ተረግጧል። የዓመት ቀለባቸው! ያበላሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ግን ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ሩዝ ለከርሞም ይዘራል፣ ዋናው ያንቺ መዳን ነው አሉ። ምነው በሰደቡኝ!

አማካሪዬ መልሷል፤ ግሩም ሥራ ነው ይላል። እስከ መጨረሻው አላነበብሁትም።

ኅዳር 9፣ ጠዋት

የሚካኤል ንግሥ ደርሷል። በምን ዓይኔ ደጁን እሳለማለሁ? ማጭዱን ስዬ በሩ ሥር አስቀምጫለሁ። የተረፈውን ሩዝ አጭዳለሁ፣ እወቃለሁ። መጀመሪያ ግን እነግራቸዋለሁ። ቢረግሙኝም ይርገሙኝ።

በሩ ተንኳኳ። ድምፃቸው ነው። የወንዛዬን ውሃ በጀሪካን አስመጥቼልሻለሁ፣ እንዳትነሺ፣ ቀስ በይ ይላሉ።

እስክሪብቶዬን ላስቀምጥ። ወገቤን ሳልይዝ፣ ቀጥ ብዬ ልክፈትላቸው።